በሽሮ ሜዳ የነፈግኩት የእግዜር ሰላምታ

ጉለሌን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩ ወገኖቼ ስለዚያ ጉዞ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም ስለ መንገዱና ስለ ሸማኔዎቹ ሰፈር ጥቂት ጥቂት እያወራሁ፣ ዋናውን ነገር ከጥቂት ሰዎች በቀር ለማንም ሳልነግር ዓመታት አለፉ። ያኔ በወረቀት ማስፈር ራስንም ሌላውንም ማሳሰር ነበር። ዛሬ የሚይዘኝ ኀፍረት ብቻ ነው። ኀፍረት ደግሞ ሲያቆዩት እንደ ቁስል የሚሽር አይደለም። ስለዚህ ከተነሣሁበት ቀን ጀምሬ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ጨንቻ አጠገብ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። የጸሎት ቤታችን ተዘግቶ የገብስ መጋዘን ሆኗል። እኛ በእንሰት ጓሮ ውስጥ ሥራ የምንተጋገዝ መስለን፣ አምስትም ስምንትም እየሆንን እንገናኛለን። አብዛኞቻችንን ያስተማሩንና ወንዝ ውስጥ ያጠመቁን ሽማግሌ ጋሽ ዳና ታስረው መፈታታቸውን፣ ነገር ግን ከአዲስ አበባ እንዳይወጡ መታዘዛቸውን፣ ጉለሌ ውስጥ ከቁስቋም ማርያም ሥር ተከራይተው እንደሚኖሩ ሰማን። ደብዳቤ መላክ አይሞከርም። በየኬላው ይፈተሻል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ ሰላምታውን በቃሌ ይዤ እንድሄድ ተስማማን።

እያንዳንዱ ሰው ተራውን እየጠበቀ እጄን በሁለት እጁ ይዞ የራሱን ነገረኝ። "ልጃችን ድኖ ተነሥቷል በላቸው።" "እናቴ ማረፏን ንገራቸው፤ በሰላም ነው ያረፈችው።" "ያስተማሩኝን መዝሙር አሁንም እዘምራለሁ በላቸው፣ ቀስ ብዬ ቢሆንም።" በመጨረሻም እጃቸውን ጭነውብኝ፣ "የእኛን በረከት አድርስላቸው፤ የእሳቸውንም ተቀብለህ ና" ብለው ጸለዩ። የይለፍ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው "ለዘመድ ጥየቃ" የሚል ነው። ይህም ውሸት አልነበረም። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ባሳ፣ ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሸማኔ ነው።

ሰኞ ድንች በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ረዳቱ ከፊት በእግሩ እየሄደ መንገድ ያሳይ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ጭቃ ዋጠውና ሁላችንም ወርደን ገፋን። እኔ በአስተማሪ ወግ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ስለነበር ከጎማው በስተኋላ ቆሜ ስገፋ ጭቃው ከአገጬ እስከ ቀበቶዬ ለበጠኝ። አርባ ምንጭ ስንደርስ ሙቀቱ ጭቃውን እላዬ ላይ አደረቀው። ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት፣ እጅግ የምትቸኩል ሴት፣ ሸሚዜን ከላዬ ላይ አስወልቃ አጠበችና እሳት ዳር አሰጣችልኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አጣጥፋ እየሰጠችኝ፣ "እግዜር ያግባህ" አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ተጓዝን። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ዕቃችንን መሬት ላይ አስዘረገፉን። እናቴ ለወንድሟ የላከችው ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በቆላው ሙቀት ቀልጦ ልብሴን ሁሉ አርሶታል። ፈታሹ እጁን ሰደድ ሲያደርግ እስከ ክርኑ ቅቤ ሆኖ ወጣ። እሱም ሳቀ፣ ተሳፋሪውም ሳቀ። "ሂድ፣ ሂድ ዝጋው!" አለኝ። ተመልሼ ስቀመጥ ልቤ ውስጥ ኩራት ተሰማኝ። ሌላው መጽሐፉን ይቀማል፣ እኔ ግን የተሸከምኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ስለሆነ ማን ይፈትሸዋል አልኩ። ሻሸመኔ ስንደርስ ፓስታ በልቼ፣ የሰዎቹን ስምና መልእክት አንድ በአንድ በቃሌ ደግሜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን። በእኛ አገር መንገድ ላይ ሰው አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። የማታውቀውም ቢሆን ቆመህ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለህ። ከአውቶቡሱ ስወርድ ይህንኑ አመሌን ይዤ ያገኘኋቸውን ሰዎች "እንደምን ዋላችሁ?" አልኩ። አንዷ ሴት እንደ እብድ አየችኝ። አንዱ ሰውዬ ኪሱን ያዘ። አራተኛው ላይ ተውኩት። የከተማ ሰው "እንዴት ነህ?" ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። እግሩ አይቆምም፣ አፉ ብቻ ሰላም ይላል። ይህንን አይቼ የከተማውን ሰው ናቅኩት።

የአጎቴ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ፊተኛው ክፍል ውስጥ አጎቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን አገኘሁት። በአገራችን ሸማኔ ደጅ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። እዚህ ግን ድሩ ከጓዳው በር እስከ ውጭው በር ተወጥሮ የገባ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። አጎቴ ሲያየኝ መወርወሪያውን ጣለና ከጉድጓዱ እየወጣ በቋንቋችን "ሳሮ! ሳሮ!" እያለ አቀፈኝ። ሰላም፣ ሰላም ማለቱ ነው። ሚስቱ እትዬ አስካለ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ወላጆቿ ከጋሞ መጥተው እዚያው የወለዷት፣ ማተቧን ከአንገቷ የማትለይ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት። ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝና በቅቤ የራሰውን ልብሴን አይታ በሳቅ ፈረሰች። "ቅቤውን ለልብስህ ነው ወይስ ለእኛ ያመጣኸው?" አለችኝ። የተረፈውን ቅቤ ከልብሴ ላይ ሳይቀር ጠረገችና ለጎመኑ አደረገችው። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ላይ ተኙ። እንቢ ብል አልሰሙኝም።

ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ቀበሌ ወስዶ በእንግድነት አስመዘገበኝ። ወፍራም ካፖርት የለበሰ የአብዮት ጥበቃ ወረቀቴን አገላብጦ አየው።

"አስተማሪ ነህ? ጥሩ። ሰፊው ሕዝብ ካንተ ብዙ ይጠብቃል። ከአጎትህ ሌላ ጉለሌ ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?"

"የለም" አልኩ።

"የምትጠይቀው?"

"ማንም የለም፣ ጓድ።"

ስንወጣ አጎቴ፣ "አጭር መልስ ጥሩ ነው" አለኝ። እኔም ጥበብ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ስለት ልታስገባ ቁስቋም ስትሄድ አብሬያት ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሴቶች ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው፣ ጎብጠው መሬት መሬት እያዩ ይወርዳሉ። አስካለ እያንዳንዷን "በርቺ እናቴ፣ እግዜር ያቅልልሽ" ትላታለች። ቀና ማለት ስለማይችሉ ከሸክማቸው ሥር "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ቄስ ቆመው ነበር። አስካለ ጎንበስ ብላ "ይፍቱኝ አባ" ስትል መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ ብዬ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ቆምኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና፣ "እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ" አሉኝ። አሜን አላልኩም። ስንመለስ ለእምነቴ የጸና ሰው መሆኔን እያሰብኩ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ።

ጋሽ ዳናን ፍለጋ ዓርብ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ጠዋት ዝናብ ነው አልኩ። ሲያባራ ጭቃ ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ የሀገር ልብስ መሸጫዎቹን ሳይ ዋልኩ። እውነቱ ፍርሃት ነው። ካፖርት የለበሰው ሰውዬ "ማንም የለም" ያልኩትን መዝግቦታል። ቢታወቅብኝ ሥራዬ አለ፣ ከሥራም በላይ እስር ቤት አለ። ነገ፣ ነገ እያልኩ አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ሱቅ ሳሙናና ስኳር መጣ ተባለ። እትዬ አስካለ ለመሸከም እንዳግዛት አብሬያት ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሰው በሌለበት ቦታ ድንጋይ ተሰልፎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ካፖርት ለባሹ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰልፍ ያስከብራል። ከእኛ ፊት አሥር ያህል ሰው ሲቀር አንድ ሽማግሌ በሰልፉ ጎን እየመጡ ላገኙት ሁሉ "እንደምን አደራችሁ?" ሲሉ ሰማሁ። አንዳንዱ በጎርናና ድምፅ ይመልስላቸዋል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ያያል።

ጋሽ ዳና ነበሩ። ከስተዋል። ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸዋል። የአንድ እግራቸው ጫማ እብጠቱን እንዲችል ከላዩ ተቀዷል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በራ። የቀበሌ ሱቅ ካርዳቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

"ጌታ ይባርክህ ልጄ! ጌታ ይባርክህ! መቼ መጣህ? ወገኖች ደህና ናቸው?"

ካፖርት ለባሹ አንገቱን አዞረ። አየሁት።

"ተሳስተዋል አባት" አልኩ። "አላውቅዎትም።"

ድምፄ ተማሪ ሲረብሽ ክፍል ውስጥ የማወጣው ድምፅ ነበር። እጆቻቸው አየር ላይ ቀሩ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አዩ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱና እንዲህ አሉኝ፦

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። ዓይኔ ደክሟል። የማውቀው ልጅ መስለውኝ ነው።"

አዳምና ሔዋንን ሲያስተምሩኝ፣ ከወንዝ ውስጥ በብብቴ ይዘው ሲያወጡኝ፣ አባቴ ሲሞት ሲያጽናኑኝ "አንተ" ያሉኝ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት "እርስዎ" አሉኝ።

ካፖርት ለባሹ መጣ። "አንተ ሽማግሌ! አሁንም በየመንገዱ ባራኪ ሆነሃል? ተነግሮህ የለም?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ታውቀዋለህ?" አለኝ።

"አላውቀውም።"

"አላውቃቸውም" ማለት እንኳ አልቻልኩም። እሱ "አንተ" ስላላቸው እኔም አብሬ አወረድኳቸው።

"ውጣ ከሰልፉ። ዛሬ ላንተ የሚሰጥ ሳሙና የለም።"

ጋሽ ዳና እግራቸውን እየጎተቱ ሲዞሩ፣ አጠገቤ የቆመችው እትዬ አስካለ ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "አባባ! እንደምን አደሩ?" አለቻቸው።

ቆም አሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አንቺስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቀስ ይበሉ፣ መንገዱ ያዳልጣል።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ነው ጴንጤ የሆንሽው?" አላት ሰውዬው።

"እኔ የቁስቋም ልጅ ነኝ፤ ማተቤ ይኸውልህ። የእኚህን ሰው ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ግን የእግዜር ሰላምታ ነው። ይህንንም ልንነፋፈግ ነው?"

ሰውዬው ስሟን ጠይቆ ደብተሩ ላይ ጻፈና ሄደ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሳሙናችንን ተቀብለን ስንመለስ አስካለ፣ "ምስኪን ሽማግሌ፣ አንተን ዘመዳቸው አድርገውህ እኮ ነው፤ ሲደሰቱ አየሃቸው?" አለችኝ። አየኋቸው አልኩ።

እራት ላይ አጎቴ ወሬውን ሲሰማ እንጀራውን እንደያዘ አሰብ አደረገ። "እኚህ ሰው ድሮ ወደ እኛ አገር ወርደው ያስተምሩ ነበር ይባላል። ጨንቻ አካባቢ። አንተ አታውቃቸውም?"

"አላውቃቸውም" አልኩ።

ካፖርት ለባሹ እዚያ አልነበረም። ያለነው እኔና አጎቴ፣ አስካለና ማዕዱ ነበርን። አስካለ ምግብ ማቆሜን አይታ፣ "አሞሃል መሰለኝ" ብላ በእጇ አጎረሰችኝ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። እንግዳም ቢሆን ቤት መቅረት ዓይን ውስጥ ያስገባል ብሎ አጎቴ ይዞኝ ሄደ። መፈክሩ ካለቀ በኋላ የአስካለ ስም ተጠራ። ሰልፍ ላይ ጥበቃን ተዳፍራለችና ተነሥታ ግለ ሂስ ታድርግ ተባለ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

"ሰው እንደምን አደሩ ማለቴ ጥፋት ከሆነ አጥፍቻለሁ" አለች።

ከኋላ ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። ከሱቁ የወር ድርሻዋን እንዳትወስድ ተወሰነባት። እኔ የት ነበርኩ? ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ። ከሰው ጋር እጄን አንሥቼ፣ ከሰው ጋር ፈክሬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ቁስቋም ዳገት ወጣሁ። እንጨት ተሸክማ ከምትወርድ ሴት ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁት። አጥር ተደግፋ የቆመች አንዲት ክፍል ናት። ጋሽ ዳና ለሸማኔዎች የክር ድውር እያጠነጠኑ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆምኩና አፌን ከፈትኩ። "ጌታ ይባርክዎ" ልል ነበር፤ አልወጣልኝም። "እንደምን ዋሉ" ልል ነበር፤ እሱም አልወጣም። የስንት ሰው ሰላምታ ተሸክሜ መጥቼ አንዲት ሰላምታ አጣሁ።

እሳቸው ክሩን አስቀመጡ። "ጌታ ይባርክህ ልጄ። ግባ" አሉኝ።

ገብቼ ያለማቋረጥ አደረስኩ። የዳነውን ልጅ፣ ያረፈችውን እናት፣ ቀስ ተብሎ የሚዘመረውን መዝሙር፣ አንዱንም ሳላስቀር። በየስሙ "ይባረክ፣ ትባረክ" ይላሉ፤ የሟቿን ሲሰሙ አለቀሱ። ከዚያ፣ "ጋሽ ዳና፣ ትናንት…" አልኩ።

"ትናንት ዓይኔ ደክሞ ነበር።"

"አልደከመም። አውቄዎታለሁ። አውቄ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ይቅር ብያለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ። ሰላም ያልከው ቤት ካልተቀበለህ ሰላሙ ወደ አንተ ይመለሳል እያልኩ ስንት ዘመን አስተምሬያለሁ። ሳስተምረው ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር። ትናንት ተመልሶ ሲመጣብኝ ግን ቤቴ ጠበበኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ያበጠውን እግራቸውን ነክቼ አሳመምኳቸውና ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አነሡኝና፣ "ያቺ ሴት ማናት?" አሉኝ። የአጎቴ ሚስት ናት፣ በዚህ ምክንያት ተቀጣች አልኳቸው።

"እሷስ ታውቃለች? አንተ እንደምታውቀኝ?"

"አታውቅም።"

"እንግዲህ ከእኔ ጋር ያለህ አልቋል። ከእሷ ጋር ያለህ ነው የቀረው። ሂድ።"

ወርጄ ለሁለቱም ነገርኳቸው። አጎቴ፣ "በእኔ ማዕድ ላይ ዋሸኸኝ?" ብሎ ወደ ጉድጓዱ ገባና ሳይሸምን ተቀመጠ። አስካለ ግን ጥያቄ ነበራት።

"ስማቸውን እንኳ አላውቅም ስል አጠገቤ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"አንተ ግን ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት "እንደምን አደርሽ፣ እትዬ?" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ቁርሱን እንደ ሁልጊዜው ትኩስ አድርጋ አቀረበችልኝ፤ ሰላምታውን ግን ነሣችኝ። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሳትለኝ ያደረችበት ቀን አልነበረም። ያ ቃል በቤቱ ሲታጣ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያኔ ገባኝ። ሽማግሌውም ቅዳሜ ይህንኑ ነው ይዘው ዳገቱን የወጡት።

በማግስቱ ስለምመለስ መሰናበቻ ለማስመዝገብ ቀበሌ ሄድኩ። ካፖርት ለባሹ ደብተሩን እየገለበጠ፣ "እህ፣ ሌላ የምታውቀው ሰው አላገኘህም?" አለኝ ለቀልድ ያህል። አሁን ነው አልኩ።

"አዎ። ጋሽ ዳናን አውቃቸዋለሁ" አልኩ።

ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም ነበርና፣ ቀና ሳይል፣ "ምን አልክ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩ።

ማኅተሙን መታልኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አስካለ ቅዳሜ የተቀበልነውን ሳሙና በቢላ ለሁለት ከፍላው አገኘኋት። ግማሹን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ለሽማግሌው ውሰድላቸው" አለች። ለእኔ የተናገረችው የቀኑ የመጀመሪያ ቃል ነው። ለወር ሌላ እንደማታገኝ እያወቀች የራሷን ከፈለችላቸው። ወሰድኩ። ግን ይህንንም ልጻፈው፦ በቀበሌው በር አላለፍኩም፣ በጓሮ በኩል፣ ጭቃ ለጭቃ ዞሬ ነው የወጣሁት። ጋሽ ዳና ሳሙናውን ተቀብለው አሸተቱትና ስለ አስካለ ረጅም በረከት ባረኩ። መቼ እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አጎቴ ቦርሳዬን ተሸክሞ፣ አስካለ ዳቦ ቆሎ ስንቅ ይዛ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሸኙኝ። የሀገር ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ለሥራ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋ ሱቅ ሥር፣ ጋሽ ዳና ቆመዋል። ወደ እኔ አያዩም። ሆን ብለው ወደ እንጦጦ በኩል ዞረዋል። ያበጠ እግራቸውን ይዘው ያንን ዳገት በጨለማ ወርደው፣ ችግር እንዳያመጡብኝ ከሩቅ ሊሸኙኝ ነው የመጡት።

አውቶቡሱ ታየ። አጎቴ ቦርሳዬን አነሣ። እኔ መንገዱን ተሻገርኩ። ፊታቸው ደርሼ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ጋሽ ዳና፣ እንደምን አደሩ? ይባርኩኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው። ሰው ዞሮ አየን።

"ልጄ፣ ሰው እያየ ነው እኮ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ይባርኩኝ።"

እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። በመንገድህ ቀድሞህ ይሂድ፤ ለላኩህ ሁሉ ሰላሙን ያድርስልህ፤ አንተንም ያጽናህ አሉኝ። "አሜን" አልኩ። ቀና ስል አስካለ መንገዱን ተሻግራ ከኋላዬ ቆማለች። "አባባ፣ እንደምን አደሩ?" አለቻቸው። ከዚያ ስንቁን እጄ ላይ አደረገችና፣ "በል፣ እግዜር ያግባህ" አለችኝ። ሳመችኝም። ጉንጬ ርሶ ነበርና በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

የመልሱን መንገድ አላስታውሰውም። ኬላ ነበር፣ ሻሸመኔ አድሬያለሁ፣ ጭቃም ነበር።

በተመለስኩ በአራተኛው ቀን እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ለሰባት ሰዎች በረከቱን አደረስኩ፤ የሆነውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ማንም አልሰደበኝም። ከመካከላቸው ማሬ የምትባል፣ ባሏ በእምነቱ ታስሮ ገና ያልተፈታላት ሴት ነበረች። እስከ መጨረሻው አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆይታ ቀና አለች።

"ያ ካፖርት ለባሽ ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ነበር?" አለችኝ።

"አልነበረም።"

"ቢኖርስ ኖሮ ትሻገር ነበር?"

ውሸት በቅቶኝ ነበርና፣ "አላውቅም" አልኳት።

ማሬ ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋች። "እንግዲያው ዛሬ የምንጸልየው ለዚያ ነው" አለችና፣ ከሁላችንም ቀድማ በርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከከች።